የጎረቤቴ እሳት አይጨስም

በሰው መኪና የሚቀና አለ። በሰው ሹመት የሚቀና አለ። በሰው ሚስት የሚቀናም አይጠፋም፤ እሱን ለንስሐ አባቱ ትተነው እንለፍ። እኔ የቀናሁት በሰው እሳት ነው።

አትሳቁ። ቅናት መልካም ጠባይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ ሰው በሩቅ ሰው አይቀናም። ማንም ገበሬ በንጉሥ ቀንቶ እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም። የሚቀናው አጥር በሚጋራው ነው። እኔ ደግሞ ከይርጋ ጋር የምጋራው አጥር ብቻ አይደለም፤ ግድግዳም ነው።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ሩንዳ ነው። እንዲህ ስል የአገሬ ልጆች ዓይናቸው ይፈጣል፤ ሩንዳ የዲፕሎማቶች ሰፈር ነዋ። ዝርዝሩን ከመጠየቃቸው በፊት ወሬ እቀይራለሁ። ለእናንተ ግን አልደብቅም። ከሩንዳ ጫፍ፣ አስፋልቱ ሰልችቶት ከሚቆምበት ቦታ፣ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። ባለቤቲቱ መሃሉን በግድግዳ ከፍላ ለሁለት ተከራይ ሰጠችው። በወዲያኛው ወገን ይርጋ ብቻውን ይኖራል። በወዲህኛው እኔና ባለቤቴ ምሕረት። ካሳራኒ ከሚባል ሰፈር ከነበረን አፓርታማ ወጥተን እዚህ የገባነው ምሕረት ግቢ ስለወደደች ነው። እኔ ደግሞ ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ የተሠራውን የእሳት ምድጃ አይቼ ተሸነፍኩ። ፊልም ላይ እንደምናየው ነው፤ ባለድንጋይ ቅስት፣ ከላዩ ፎቶ የሚደረደርበት መደርደሪያ ያለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከዘንድሮ ሐምሌ ድረስ ጫማ ስናስቀምጥበት ኖርን።

ዘንድሮ ሐምሌ እናቴ ከናዝሬት ልትጠይቀን መጣች። የፍልሰታን ጾም በራሷ ደብር ካልሆነ ሌላ ቦታ ጾማ ስለማታውቅ፣ ከፍልሰታ በፊት ትመለሳለች ተብሎ ነው ትኬቷ የተቆረጠው። ናዝሬት ሙቀት አገር ነው። የናይሮቢን ሐምሌ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ፀሐይዋ እንደ ባለሥልጣን ናት፣ አለች ይባላል እንጂ ማንም አያገኛትም። ካፊያው ቀጭን ነው፣ ብርዱ ግን የድንጋይ ቤት ሲያገኝ ተደላድሎ ይቀመጣል። ይህን እያወቅኩ፣ “ናይሮቢ እኮ ምድር ወገብ ላይ ናት፣ ጋቢ አትሸከሚ” ብዬ በስልክ ጋቢዋን ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ኤርፖርት ስትወጣ የመጀመሪያ ቃሏ “እንደምን ከረምክ” አልነበረም።

“ጋቢዬን!” አለች። “አንተ ጅላጅል!”

ስለዚህ ስድብ ትንሽ ማብራራት አለብኝ። የክርስትና ስሜን ካህኑ አወጡልኝ፣ የዓለም ስሜን አባቴ። ጅላጅልን ያወጣችልኝ እማዬ ናት። እህቴን ተቆጥታ “አንቺ ቀበጥ” ትላታለች፣ አባቴን በሕይወት ሳለ “እርስዎ ሰውዬ” ትለው ነበር። ጅላጅል ግን የእኔ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላም ስሰማው ሆዴን ሞቅ ይለዋል፤ ሰው ፊት ሲሆን አፍራለሁ እንጂ።

በነጋታው ይርጋ እንኳን ደህና መጡ ሊል መጣ። ይርጋን ላስተዋውቃችሁ። ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ካሉት ትልልቅ ቢሮዎች በአንዱ ይሠራል። እኔ ኢምባካሲ ሰፈር ከካርጎ መጋዘን ወደ መጋዘን የምሯሯጥ ትራንዚተር ስለሆንኩ ጫማዬ ሁልጊዜ አቧራ ነው፤ የእሱ ጫማ ዝናብ ጥሎ እንኳ ጭቃ አያውቅም። ሲናገር ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ የሚሰማው ሰው ሁሉ ወደሱ ጠጋ ይላል። በድምፁ እንኳ እቀናለሁ። እኔ ስናገር ሰው ወደኋላ ነው የሚሸሸው። ይዞት የመጣው ምን ይመስላችኋል? ጋቢ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ተጣጥፎ የኖረ የሴት ጋቢ። ወንደላጤ ሰው የሴት ጋቢ ከየት አመጣ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ቅናት ግን ጥያቄ አይጠይቅም።

“እማማ፣ ብርዱን እስኪለምዱት ይልበሱት” አላት። “ደግሞ እኔ ጋ እሳት አለ። ቀን ቀን ከቤት ነው የምሠራው፤ መጥተው ይሙቁ።”

“ተባረክ የኔ ልጅ” አለችው። በዚያች በለሰለሰች ድምፅ። የኔ ልጅ! ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “አየህ? እሳት አለው” አለችኝ።

“እኛም እኮ እሳት አለን!” አልኩ።

“የቱ ጋ?” አለች። ጣቴን ወደ ምድጃው ቀሰርኩ። የምሕረት ቡትስና የእኔ ሸራ ጫማ ተደርድረው ያዩናል።

ጣጣዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በገዛ ልጇ ቤት በገዛ ልጇ እሳት ፊት ቁጭ ብላ እንድትሞቅ ፈለግኩ። ናዝሬት ስትመለስ ጎረቤቶቿ “ልጅሽ እንዴት ነው?” ሲሏት “ይርጋ የሚባል ልጅ አለ፣ እሳት አለው” ብላ ስትጀምር በዓይኔ መጣብኝ።

ጫማውን አነሳሁና እንጨት ፍለጋ ወጣሁ። መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። “ደረቅ ነው?” ስለው “ካቩ ካቢሳ፣ ቦስ!” አለኝ፤ ድርቅ ያለ ነው ማለቱ ነው። እንጨቱን ሳነሳው ከበድ አለኝ። ጥሩ እንጨት ቢሆን ነው ብዬ ተደሰትኩ። የከበደው በውሃው ነበር። እቤት ገብቼ ለኮስኩት፤ እሳቱ እንጨቱን ይልሰዋል እንጂ አይበላውም። የፍልጡ ጫፍ ሽሮ እንደተጣደበት ተንተከተከ። አረፋ ሁሉ ደፈቀ።

ጭሱስ? ጭሱ ወደ ላይ አልሄደም። ምን ሊሠራ ይሄዳል? የሳሎን መጋረጃ እያለለት። መጀመሪያ በእግራችን ሥር ተነጠፈ፤ ከዚያ ጉልበታችን ደረሰ፤ ከዚያ ምሕረት ከወገቧ በታች ጠፋችብኝ። የግቢው ዘበኛ በመስኮት አይቶ “ሞቶ! ሞቶ!” እያለ የአሸዋ ባልዲ ይዞ ገባ። እሳት ማለቱ ነው። ባልዲውን ከመድፋቱ በፊት፣ “እሳት የለም፣ ጭስ ብቻ ነው!” ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ብሎ የሚፎክር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ ስለ ምድጃ የሚያስተምርበት ቪዲዮ ነበር። “መጀመሪያ የጭስ መውጫው ክዳን መከፈቱን አረጋግጡ” ይላል። ክዳን አለው እንዴ? ጭንቅላቴን ምድጃው ውስጥ ከትቼ ሳይ፣ ጉሮሮው ላይ የብረት ክዳን፣ ከክዳኑ ወደ ታች የወረደ የብረት እጀታ አለ። እጀታውን አውቀዋለሁ። የጫማ ብሩሽ ስሰቅልበት የኖርኩት ነው። ስስበው የዘመናት ጥላሸት ፊቴ ላይ ወረደ። ወጥቼ ስቆም ምሕረት ሳቋ አላናግራት አለ።

“እማዬስ?” አልኳት።

“ሄደች” አለችኝ። “ይርጋ ጋ።”

ክዳኑን ከፍቻለሁ፤ አሁን የቀረኝ ደረቅ እንጨትና ጥሩ አደራደር ነው። እንጨቱን ከመጋዘን አመጣሁ፤ የተሰባበረ የጭነት ጣውላ፣ ድርቅ ያለ። አደራደሩ ላይ ግን ልብ በሉ፤ ይህን ስሕተት ከእኛ አገር ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። እኛ ቤት ያደግነው በከሰልና በቡታ ጋዝ ነው። የተከመረ እንጨት ሲነድ ያየሁት በመስቀል ዋዜማ ብቻ ነው። ስለዚህ እንጨት ይነዳል ሲባል በአእምሮዬ የሚመጣው አንድ ነገር ነው። ደመራ።

ጣውላዎቹን አቆምኳቸው። ጫፋቸውን አገናኝቼ ወደ ጭስ መውጫው ጉሮሮ ሰደድኩ፤ ወገባቸውን በሽቦ አሰርኩ። ቆንጆ ደመራ ነበር፤ አበባ ብቻ ነው የጎደለው። እማዬ ሶፋው ላይ በይርጋ ጋቢ ተጠቅልላ ታየኛለች።

“ምን እየሠራህ ነው?”

“እሳት።”

“በሐምሌ?” አለች። ግራ ገባት። “መስቀል እኮ ገና ነው።”

ጋዜጣ ጠቅልዬ እንደ ችቦ ለኮስኩ። መዞር ደንቡ ነው፤ ግድግዳው ስለከለከለኝ ግማሹን ዞሬ ተመለስኩ። ደረቅ ነው ብያችኋለሁ፤ ቦግ አለ! ለአፍታ ያህል የዓለም ደስተኛ ሰው ነበርኩ። ግን ጉሮሮውን በገዛ እንጨቴ ወትፌዋለሁ፤ ጭሱ እንደገና ወደ እኛ። በዚህ መሃል ሽቦው ጋለና ላላ።

ደመራ ሲነድ ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው ወዴት እንደሚወድቅ አይደል? የእኔም ወደቀ። ከነነበልባሉ ተንዘራግቶ፣ ከምድጃው ወጥቶ፣ ምንጣፉ ላይ። እኔ በእግሬ ስረጋግጥ፣ ምሕረት የገንዳ ውሃ ስትደፋ፣ እማዬ ተነስታ አቅጣጫውን አየች። የወደቀው ከይርጋ ጋር ወደምንጋራው ግድግዳ ነው።

“እንግዲህ ደመራው ራሱ አመልክቷል” አለችና ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆንኩም። ሥራ ቦታ የመርከብ ሰነድ እያየሁ የማስበው የይርጋን እሳት ነው። ማታ ስገባ መኪናዬን ከማቆሜ በፊት ዓይኔ የሚሮጠው ወደሱ መስኮት ነው። መጋረጃው ላይ ቀይ ብርሃን ይደንሳል፤ የእናቴ ጥላ ይታያል፤ ሳቋ ይሰማል። እኛ ቤት ስትሆን ሳል ብቻ ነው የሚሰማው። እማዬ ለእራት ስትመጣ ጉንጯ ቀልቶ ነው።

“እሳቱ እንዴት ነው?” እላታለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ።

“ደስ ይላል። አይጨስም።”

አይጨስም! ይቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። በማግስቱ ግቢ ወጥቼ የእሱን የጭስ መውጫ አንጋጥጬ አየሁ። እውነትም። ከውስጥ እሳቱ ቦግ እያለ፣ ከላይ አንዲት የጭስ ክር የለችም። ጤነኛ ሰው ይህን ሲያይ ሊጠረጥር ይገባል። ቀናተኛ ሰው ግን ይንገበገባል። ምን ዓይነት እንጨት ነው የሚያነደው? ከየት አገር ነው የሚያስመጣው? ትራንዚተር ነኝ እኮ፤ በምን በኩል አሳለፈው?

አንድ ጠዋት፣ አትፍረዱብኝና፣ የይርጋን የቆሻሻ ገንዳ ከፈትኩ። የብርቱካን ልጣጭ አለ፤ የቡና አተላ አለ። አመድ የለም። ጣቴን ጨምሬ አገላበጥኩ። የለም። እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል ነው ያደግኩት፤ የይርጋ እሳት ግን መካን ሆነ! ገንዳው ላይ እንደተጎነበስኩ ይርጋ ራሱ በመስኮት ብቅ አለ።

“የጠፋብህ ነገር አለ?” አለኝ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ።

“ቀለበት” አልኩት። በጣቴ ላይ ነበር።

“ችግር ካለ ግባ እንጂ፤ ሻይ አለ። እማማም እዚህ ናቸው።”

“ሥራ አለብኝ” ብዬ ሄድኩ። መግባት አልፈልግም ነበር። የሰው እሳት ፊት ቆሞ “ያምራል” ማለት ከሞት ይከብዳል። ስለዚህ ያን ሁሉ ጊዜ የይርጋን ሳሎን ከበሩ አልፌ አላየሁትም። ይህን ያዙልኝ።

ወደ ቪዲዮዬ ተመለስኩ። ፈረንጁ “አየር ካጠረው አይስብም፤ መስኮት ክፈቱ” አለ። ከፈትኩ። የሐምሌ ንፋስ ከነካፊያው ገባ። ጭሱ ትንሽ አሰበና እዚያው ቀረ። አሁን ሁለቱም አለን፣ ጭስም ብርድም። ምሕረት ካፖርቷን ለብሳ፣ ኮፍያ አድርጋ ሽንኩርት እየከተፈች፣ “ብርድ ለማስወጣት ብርድ ያስገባ የመጀመሪያው ሰው አንተ ሳትሆን አትቀርም” አለች። “ለምን ፉንዲ፣ የሚጠግን ሰው፣ አትጠራም? ይርጋ የሚያውቀው ጥሩ ባለሙያ አለ አሉ።”

ይርጋ የሚያውቀው! የሱን እሳት የሠራ ሰው የእኔን ሊሠራ? እምቢ አልኩ። የጎረቤት ውለታ ገብቶ ከሚያሞቀኝ ብርዱ ይግደለኝ።

እማዬ የምትሄድበት ቀን እየተቃረበ መጣ። ሻንጣዋ መሃል ወለል ላይ ተከፍቶ ተቀመጠ። በየቀኑ አንድ ነገር ታስገባበታለች። እኔ ግን ምን እያደረግኩ ነው? ከሥራ እገባለሁ፣ ካልሲ ሳላወልቅ ጭንቅላቴን ምድጃው ውስጥ እከታለሁ። ቅዳሜን ሙሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። እናቴ ከኋላዬ “ኧረ ተወው” ስትል ይሰማኛል፤ “ቆይ፣ አሁን ይስባል” እላታለሁ። ስወጣ የለችም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ፤ ሰኞ በረራዋ ነው። ፈረንጁ የቀረችውን ምክር ሰጠኝ። “ጣራ ላይ ወጥታችሁ፣ ጭስ መውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ ተመልከቱ።” መሰላል ተውሼ ወጣሁ። ዘበኛው ከታች እግሩን ይዞ “ኡታአንጉካ! ኡታአንጉካ!” ይለኛል፤ ትወድቃለህ ማለቱ ነው። አመስግኜ ወጣሁ። እውነትም የእኔ ጭስ መውጫ አፍ ላይ ቁራ ኖራበታለች። ጎጆ አትበሉት፤ ምሽግ ነው። ጭራሮ፣ ሽቦ፣ የፕላስቲክ ገመድ፣ ሁሉ አለበት። እንቁላልም ጫጩትም የለውም፤ ባዶ ነው። ጎትቼ ጎትቼ ወደ ግቢ ጣልኩት። ጉሮሮው ተከፈተ፤ ወደ ታች ሳይ የሳሎኔ አመድ ታየኝ።

እዚህ ላይ መውረድ ነበረብኝ። ግን የይርጋ ጭስ መውጫ በወዲያ ጫፍ ቆሞ ያየኛል። አመድ የሌለው፣ ጭስ የሌለው እሳት! ምስጢሩ እዚያ ነው። በሆዴ እየተሳብኩ፣ ሸክላ ጣራውን እያንቋቋሁ ተሻገርኩ። ደርሼ አንገቴን አሰገግኩ።

ተደፍኗል። ቀዳዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ላዩ ላይ አፈር ሠርቶ፣ ሣር በቅሎበታል። ረጅም ሣር፣ ዘር የያዘ። ይህ ጭስ መውጫ ጭስ ያየበትን ዘመን አያቶቻችንም አይደርሱበትም።

ደስታዬን እንዴት ልግለጽላችሁ? ሣሩን ከነሥሩ ነቀልኩ። ማስረጃ ነው። መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። በጥላሸት የጠቆረ ፊቴን ሳልጠርግ፣ ሣሬን እንደ ዘንባባ ከፍ አድርጌ፣ የይርጋን በር ሳላንኳኳ ገባሁ።

እናቴ የተመቸ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ይርጋ እግሯ ሥር ዱካ ላይ ሆኖ ብርቱካን ይልጣል፤ እየሳቀ እንባውን በክንዱ ይጠርጋል። ፊት ለፊታቸው እሳቱ። በመስታወት ጀርባ፣ ውብ ነበልባል፣ ሳይጨስ ይውለበለባል። ከሥሩ ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ! ነበልባሉ አምፖል ነው።

“እማዬ!” አልኩ፤ ሣሩን እያወዛወዝኩ። “ተታለሻል! ይሄ እሳት አይደለም! ጭስ መውጫው ሣር በቅሎበታል፣ ይኸው! የመብራት ነው!”

እማዬ አየችኝ። ከዚያ እጇን ጋቢው ውስጥ ከትታ ሪሞት አወጣች። ቁልፉን ተጫነች፤ እሳቱ ጠፋ። ተጫነች፤ ቦግ አለ።

“የማበራው እኔ ነኝ” አለች። “የመጣሁ ለታ ነው ያሳየኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“መች ጠየቅከኝ? ‘እንዴት ነው’ አልክ፣ ‘አይጨስም’ አልኩ። መብራት ይጨሳል እንዴ?”

ምሕረት ከኋላዬ ሮጣ ደርሳ ነበር። ዞሬ ሳያት ዓይኗን ሰበረች። እሷም ታውቃለች! ዘበኛው እንኳ ሳያውቅ አይቀርም።

“ታዲያ ከእኔ እሳት የሰው አምፖል ተሻለሽ?” አልኳት። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነብኝ። “ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ያን ሁሉ!”

እማዬ ሪሞቷን አስቀመጠች።

“ስማ” አለች። “እኔ እሳት ልሞቅ አልመጣሁም፤ ናዝሬት እሳት ሞልቷል። ልጄን ላይ ነው የመጣሁት። ከመጣሁ ጀምሮ ግን ልጄን ያየሁት ከወገብ በታች ነው! ስገባ ቂጥህ፣ ስወጣ ቂጥህ። ጭንቅላትህ ምድጃ ውስጥ ነው። ሰው ከቂጥ ጋር ምን ያወራል? ይሄ ልጅ ቁጭ ይላል። ይሰማኛል። ደግሞ ስለ ማን የምናወራ መሰለህ? ስለ አንተ ነው። በልጅነትህ በሬ ሲሸጥ ካላየሁ ብለህ ገበያ የጠፋህ ጊዜ፣ አሁን እሱን እየነገርኩት ነበር። አንተ ጅላጅል!”

ይህን እንዳለች ቤቱ ጭልም አለ። ስቲማ፣ ማለትም መብራቱ፣ ጠፋ፤ ናይሮቢ ነው፣ አያስጠነቅቅም። የይርጋ ነበልባል ቀጭ ብሎ ቀረ። እማዬ ሪሞቷን ብትጫን፣ ብትጫን ምንም። ብርዱ በር ላይ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ዘው አለ።

“በል እንግዲህ” አለችኝ፤ ጋቢዋን እየሰበሰበች። “ያንተን ለኩሰው። ግን ደመራ እንዳታደርገው።”

እኔ፣ እማዬና ምሕረት ወደ ቤታችን ተሻገርን። ጣውላዎቹን አጋድሜ፣ በመሃላቸው አየር ትቼ ደረደርኩ። ክዳኑ መከፈቱን አረጋገጥኩ። ፈረንጁ እንዳለው የጋዜጣ ጥቅል ለኩሼ ወደ ጉሮሮው ከፍ አድርጌ ያዝኩ፣ ቀዝቃዛው ጭስ መውጫ እንዲሞቅ። ከዚያ ከሥር ለኮስኩ። ጭሱ ብቅ አለ፤ እንደ ልማዱ ሳሎኑን ቃኘ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ ዞረና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ። ዘበኛው ከውጭ አጨበጨበ።

እሳቱን ላስተካክል እንደገና ልጎነበስ ስል እማዬ ሸሚዜን ከኋላ ይዛ ጎተተችኝ። “ቁጭ በል” አለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። የእሳቱ ሙቀት ጉልበታችንን ነካው። ፊቴን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገችልኝ፤ ጥላሸቱ ነጩ ጋቢ ላይ ቀረ። ያሰብኩት ሁሉ ሆነልኝ። እናቴ፣ ቤቴ፣ እሳቴ።

“ይርጋስ?” አለች። “ልጁ ብርድ ላይ ነው። ጥራው እንጂ!”

መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ሻማ ይዟል፤ የጠቆረውን ጋቢ ሲያይ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ።

“ይቅርታ፣ አጥበን እንመልሳለን” አልኩት።

“ግድ የለም። የእናቴ ነበር። ከሞተች ወዲህ የለበሰው የለም፤ ይቆሽሽ፣ ደስ ይለኛል።” ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገው። “እኔ እንኳ በአንተ ስቀና ነው የከረምኩት።”

“በእኔ? በምኔ?”

“በግድግዳው በኩል እማማ ሲቆጡህ እሰማለሁ። እኔን ‘ተባረክ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ’ ነው የሚሉኝ። እንግዳ ነኛ። ሰው የሚቆጣው የራሱን ነው።”

ያን ሁሉ ጊዜ በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሆነን፣ እኔ በአምፖሉ፣ እሱ በስድቤ ስንቃጠል ከርመናል። እጁን ይዤ አስገባሁት፤ ወንበሬን ለቀቅኩለት። ምሕረት ከመንገድ የተገዛ የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ ጣል አደረገች። ይርጋ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወደ እሳቱ ዘረጋ። የእንጨት እሳት አልለመደምና እንደ መብራቱ መስሎት ጠጋ፣ ጠጋ፣ ጠጋ። አንድ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ካልሲው ጫፉ ላይ ይጨሳል።

እማዬ ከወንበሯ ብድግ ብላ እግሩን በጥፊ መታችው።

“እግርህን አርቅ! ልትቃጠል ነው እኮ! አንተ ጅላጅል!”

ይርጋ የተቃጠለ ካልሲውን ይዞ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ አለ። ምሕረት ሳቀች፤ እማዬም ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

ያ ግን የእኔ ነበር።